ከሩት ሱቅ እስከ ዘነበች በር

ሪያድ፣ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ አራጌ ሞላ፣
መርሳ፤

እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ በሰላም ወጣልዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ካለሁበት እጅ እነሳለሁ፤ የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ።

የምጽፍልዎት ስልክ እንደማይሰማዎት ስለማውቅ ነው። እናቴ ደግሞ ስልክ ስትይዝ ሁሉ ነገር ደህና ነው። ዝናቡ ደህና ነው፣ ወገቧ ደህና ነው፣ ዓይኗ ደህና ነው። ከእሷ የምሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ወሬውን የምጠብቀው ከእርስዎ ነው።

ለእናቴ የላክሁትን ኮምፒውተር ናስር በሰላም እንዳደረሰው ሰማሁ። ነጋዴ ቢሆንም የሰው አደራ አይጥልም፤ ያመስግኑልኝ። ስክሪኑን ትልቅ የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ግንቦት ላይ ሐኪሙ የዓይኗ ግፊት አልወርድ ብሏል፣ ብርሃኗ ዓመት ከቆየ ጥሩ ነው ካላት ወዲህ፣ አንድ ቀን አምልጧት «በስልክ ስትታየኝ እኮ ጥላ ነህ» አለችኝ። ወዲያው ወሬ ቀየረች። ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ብርሃኗ ሳይጠፋ ፊቴን አንድ ጊዜ በትልቁ እንድታየው ነው የምፈልገው። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ከትናንት ወዲያ ዓርብ የሆነውን አይተዋል። ጎረቤታችን ሩት ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ያጋራችን ዋይፋይ ገባ፤ የእናቴ ግማሽ ፊት መጣ፤ አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ደረቀ። አንድ ዓይን። የነጠላዋ ጥለት። ከኋላዋ ግድግዳው። ከዚያ ጥቁር። ጥቁሩን ብዙ ሰዓት አየሁት።

እኔ እዚህ ሆቴል ለሆቴል እየዞርኩ ኔትወርክ የምዘረጋ ሰው ነኝ። በማላውቀው ሰው ፎቅ ላይ ሩብ ሰዓት የማይፈጅብኝ ነገር በእናቴ ቤት አቃተኝ። ሄጄ እንዳላየው፣ ከወጣሁ መመለሻ ፈቃድ ስለሌለኝ እግሬ ታስሯል። እርስዎ ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት የማሽላ ቁመትና የዝናብ መጠን ሲመዘግቡ ኖረዋል። ዋይፋዩንም እንደዚያ ይመዝግቡልኝ። መቼ ገባ፣ መቼ ተቆረጠ፣ ሰማዩ እንዴት ነበር። ሳይገመት።

ልጅዎ ይታገሱ


መርሳ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለይታገሱ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። በሰው አገር የሰው ፊት አያሳይህ፤ የአባትህ አምላክ በፊትህም በኋላህም ይሁን። እኛ ደህና ነን። እናትህ ዘነበች ደህና ናት።

እንዳዘዝከኝ ደብተር ገዝቼ አሰመርኩ። አምስት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የተቆረጠበት ሰዓት፣ የሰማይ ሁኔታ፣ አስተያየት። የሃያ ሦስት ቀኑን ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ባጭሩ፣ በደረቅ ቀን በአማካይ አሥራ ስድስት ደቂቃ ይቆያል። ካፊያ ከጣለ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ። ጤዛ በጣለ ጠዋት ከነጭራሹ አይገባም። መብራት የጠፋባቸው አራት ቀናት ባዶ ናቸው። ባዶ ሣጥን በግምት አይሞላም፤ ይህን ስል ነው የኖርኩት።

ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበት። ኮምፒውተሩ አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ዘነበች ቀድሞ የሠራችውን ዳንቴል ደርቤበት ነበር። ሩት ልታይ መጥታ ሳቀች። «ጋሼ፣ ሙሽራ አደረጋችሁት እኮ፤ ሚዜው የት አለ?» አለችኝ። ከዚያ ደብተሬን አይታ የባሰ ሳቀች። ዋይፋይና ማሽላ አንድ መስሎኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለቱም ዝናብ ያውቃሉ አልኳት።

የመጀመሪያው ሰባት ቀን ገና ከቁም ሳጥኑ ሳናወጣው የተመዘገበ ስለሆነ ለይተህ አንብበው።

አንድ ነገር ልንገርህ። በጥቅምት 18 የአስተያየት ዓምድ ላይ አንድ መስመር ሰርዣለሁ። በጣቢያው ደንብ አይፋቅም፤ ባንድ ቀጭን መስመር ይሰረዝና ይፈረምበታል። ፈርሜበታለሁ። ለአንተ ስገለብጥ ግን ዘለልኩት። ስለ ዋይፋዩ አይደለም።

ዘነበች በዚያች አራት ሰከንድ አይታህ «ወፍሯል» ብላለች።

አጎትህ አራጌ ሞላ


ሪያድ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ አራጌ፤

ጤና ይስጥልኝ፤ ደጃችሁ ሰላም ይሁን።

ደብዳቤዎ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ስድስት ሳምንት ማለት ስድስት ዓርብ ነው። በስድስቱም ተቀምጬ ነበር። ዓርብ ሥራ የለንም፤ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ክፍሉን ለቀውልኝ ይወጣሉ። ለዚሁ ብዬ ነጭ ሸሚዝ ገዝቻለሁ፤ ለእናቴም በስልክ ነግሬያታለሁ። መብራቱን ወደ ፊቴ አዞራለሁ። እቀመጣለሁ። አንድ ዓርብ ጣሪያችሁ መጣ። አንድ ዓርብ የእርስዎ ጆሮ። ጆሮዎን ሳይ ደስ አለኝ፤ ከዚያ አፈርኩ።

አልወፈርኩም። አሥር ኪሎ ቀንሻለሁ። ምስሉ ደርቆ ስለነበር ይሆናል።

እንዲህ ያድርጉልኝ። ኮምፒውተሩን ወደ ቁም ሳጥኑ አይመልሱት፤ ብረት ሁሉን ይይዛል። ዳንቴሉንም አይደርቡበት። ከበሩ ትይዩ ያስቀምጡትና የአንቴናው ፊት ወደ ሩት ሱቅ ይሁን። ሦስት ቀን ይመዝግቡ። ከዚያ ሩት የራውተሯን ቻናል፣ ማለት ዋይፋዩ የሚሄድበትን መስመር፣ ከስድስት ወደ አሥራ አንድ ትቀይር። ሦስት ቀን ይመዝግቡ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ኃይል ቆጣቢ የሚለውን ታጥፋው። እንደገና ሦስት ቀን። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተቀየረ የረዳው የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ይህን ለእርስዎ መንገሬ ድፍረት ነው።

ሦስት ቀን ስል ደግሞ ከእሷ የብርሃን ቀን እየከፈልኩ ነው። ይህ ሲታየኝ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። ተመልሼ ጻፍኩት።

ግቢውን ይሳሉልኝ። ከሩት ሱቅ እስከ እኛ በር ምን ምን አለ? ረስቼዋለሁ። በሩን አስታውሳለሁ፤ ሱቁን አላውቀውም፤ መሃሉ የለኝም።

የዘለሉት መስመር ምን ነበር? ስለ ዋይፋዩ ካልሆነ ስለ ምንድን ነው? ዓይኗስ? እሷን ስጠይቃት ስትመጣ ታየዋለህ ትለኛለች።

ይታገሱ


መርሳ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይታገሱ፤

እንደምን ከርመሃል። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። መልሴ የዘገየው በእኔ አይደለም። መንገዱ ከውርጌሳ ወዲህ ተዘግቶ ናስር ደብዳቤህን ይዞ ሦስት ሳምንት ደሴ ተቀምጦ ነበር።

ያልከውን ሁሉ በየሦስት ቀኑ አድርጌአለሁ። ከበሩ ትይዩ ስናደርገው የደረቁ ቀን አማካይ ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ወጣ። ቻናሉ ለውጥ አላመጣም። ኃይል ቆጣቢውም አላመጣም። ከካፊያ በኋላ አሁንም ሦስት ደቂቃ ነው። ጤዛ ካለ የለም። አንድ ነገር አክያለሁ፤ ነፋስ ሲነሣ ሰማዩ ደረቅ ቢሆንም ይቆራረጣል።

ግቢውን በዚህ ወረቀት ጀርባ ስዬዋለሁ። ከሩት ሱቅ የኋላ መስኮት እስከ ዘነበች በር አርባ ሁለት እርምጃ ነው። በዚሁ መስመር ላይ፣ ከበሩ ሰባት እርምጃ ርቆ፣ ማንጎው አለ። አንተ ስትሄድ ቁመቱ እስከ ወገብህ ነበር። አሁን ጣሪያውን አልፏል።

በኔትወርክ ገመድ ቢያያዝስ የሚል አሳብ ሩት አመጣች። ወልድያ ሄጄ በባጃጅ ስዞር ዋልኩ። ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ። ያላቸው አምስት አምስት ሜትር ነው። አንዱ በአንዱ ላይ ቢቀጠልስ ብል ባለሱቁ አይሆንም፣ ፀሐይም ይበላዋል አለኝ።

ስለ ዓይኗ ጠይቀኸኛል። ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች። ሐኪም ዘንድ ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል። ከዚህ በላይ በመዝገቤ የለም። ዓምድ አላሰመርኩለትም።

አጎትህ አራጌ ሞላ


ሪያድ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤ የሚሄደው ሰው ዛሬ ይበራል፤ ሰላምታዬን ሙሉ አድርገው ይቁጠሩልኝ።

ማንጎው ነው።

መዝገብዎ ራሱ ይናገራል። ቅጠሉ ውኃ ሲይዝ ውኃው ሲግናሉን ይጠጣዋል። ጤዛም፣ ካፊያም፣ ያው ነው። ሲደርቅ ትንሽ ያሳልፋል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ያንኑ ይበትነዋል። ከመጀመሪያው ግቢውን ብጠይቅ ኖሮ። አምስት ወር ስለ ቻናል ሳወራ።

ለፀሐይ የሚሆን ሃምሳ ሜትር ገመድ ገዝቻለሁ። ይከብዳል፤ ይህ ሰው አልይዝም አለ። ናስር ከፋሲካ በኋላ ከዕቃው ጋር ያመጣዋል። እሱ እስኪደርስ ግን ግንቦት ነው። ሐኪሙ ያላት ዓመት ግንቦት ላይ ይሞላል። ገመዱ ይደርሳል፤ ዓይኗ መጠበቁን አላውቅም።

ይቁረጡት። ከችግኝ ጣቢያ በእቅፍዎ አምጥተው የተከሉት እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። ይህችን አንድ ቃል ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። በቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ገመድ የምጎትት ሰው ገመድ መላክ መጀመሪያ ያልታየኝ ለምንድን ነው? ጥፋቱን ማወቅ ፈልጌ ነበር። መጠገኑን ሳይሆን ማወቁን።

ይታገሱ


መርሳ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይታገሱ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ።

ደብዳቤህን ለዘነበች አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና «ቁረጠው» አለችኝ። ሳምንት ቆየሁ። በሳምንቱ ገና አልቆረጥከውም ወይ አለችኝ።

መጋቢት 19 ቀን ሁለት ሰው ቀጥሬ ተቆረጠ። አውራ ጣት ያላከለ ጥሬ ፍሬ ነበረው። እሷ ደፉ ላይ ተቀምጣ መጥረቢያውን ስታዳምጥ ዋለች። ሲወድቅ በየት በኩል እንደወደቀ ጠየቀችኝ። በሩት በኩል አልኳት። ጥሩ ነው አለች። ግንዱ ላይ በደረት ቁመት አንድ ቦታ ልጡ ለስልሶ አገኘሁት። ምክንያቱን አልመዘገብኩም።

ከተቆረጠ ወዲህ ያለው አሥር ቀን እንዲህ ነው። ደረቅ ቀን፣ ሳይቆረጥ ሃምሳ አንድ ደቂቃ፤ ሩት ሱቋን ስትዘጋ ነው ያበቃው። ከካፊያ በኋላ አርባ አራት። ጤዛ፣ አርባ ስምንት። ነፋስ ለውጥ አላመጣም። ትክክል ነበርህ።

የፊታችን ዓርብ በስምንት ሰዓት እናስቀምጣታለን። የክት ቀሚሷን አሳጥባለች።

አጎትህ አራጌ ሞላ


ሪያድ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤ እንደምን ዋሉ።

መጋቢት ላይ ጽፈውልኝ ከሆነ ገና አልደረሰኝም። ስለ ትናንቱ ነው የምጽፈው።

አርባ ሦስት ደቂቃ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆረጠም። በሥራዬ እንዲህ የጠራ ምስል አይቼ አላውቅም። የአንገቷን ንቅሳት አየሁ። የነጠላዋን ክር መቁጠር እችል ነበር። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ማንም አልነገረኝም። እርስዎን ከኋላዋ ቆመው አየሁ። ደብተሩን ይዘዋል።

ሳቀች። «ነጭ ሸሚዝህ እንዴት አምሮብሃል» አለችኝ።

ትናንት ሳይታሰብ ሥራ ጠርተውኝ ነበር። በቀጥታ ከዚያ ነው የመጣሁት። የለበስኩት ጥቁር ሰማያዊ የሥራ ልብስ ነው። ደረቱ ላይ ቢጫ ጽሑፍ አለው።

መጀመሪያ ሰው የገባ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ጎን ነበር የምታየው። «እማዬ፣ እዚህ ነኝ» አልኳት። ይበልጥ ወደ ግራ ዞረች፤ ወደ ድምፁ። ያኔ እርስዎ አንገትዎን ደፉ። ጆሮዎ ከማሽን የሚወጣ ድምፅ አይሰማም፤ ያልኳትን በምን አወቁ?

«አዎ እማዬ፣ ላንቺ ብዬ ነው የለበስኩት» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ አወራን። ሠላሳውንም ደቂቃ እንዲቆረጥ ስመኝ ነበር። ድሮ ሲደርቅ ቢያንስ የማየው ምስል ወደ እኔ የሚያይ ይመስል ነበር።

ከመቼ ጀምሮ ነው? መዝገብዎ ላይ ይኖራል። ሳይገመት ይጻፉልኝ።

ይታገሱ


መርሳ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለይታገሱ፤

የልብህን ስብራት የሚያይ አምላክ ይጠግንህ። እኔ ሰላምታ ለመጻፍ ድፍረት አጥቼ ብዙ ቀን ቆየሁ።

ጥቅምት 18 ነው። የሰረዝኩት መስመር እንዲህ ይላል፤ «ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ መብራት አለ። ዘነበች መብራቱ መቼ ነው የሚመጣው አለችኝ።»

አምፖሉ ከራሷ በላይ ይበራ ነበር። ዝም ስል ገባት። ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ «አያ፣ አፍህን ያዝ» አለችኝ። «ካወቀ ጥሎ ይመጣል፤ ከመጣ መመለሻ የለውም።» «እሱ እኮ የሚደክመው ዓይንሽ ላይ ለመድረስ ነው» አልኳት። «እኔ ባላየው እሱ ይየኝ። ዘጠኝ ዓመት አላየኝም» አለች። ወፍሯል ያለችህም እንዲሁ ነው። ልጅ በሰው አገር ይወፍራል ብላ ነው።

በሠላሳ አንድ ዓመት ያልሠራሁትን ሠራሁ። ለዓይኗ ዓምድ ያላሰመርኩት ረስቼ አልነበረም።

ስለ ማንጎው ደግሞ ማወቅ ይገባሃል። ደብዳቤህን ያነበብኩላት ቀን እንዳንቆርጠው ለምኛታለሁ። መንገዷ እሱ ነበር። ከበሯ ሰባት እርምጃ ትቆጥራለች፣ እጇ ግንዱን ያገኛል፤ ወደ ግራ ዞራ ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ በቀኙ አልፋ ወደ ሩት ሱቅ። ልጡ የለሰለሰው በእጇ ነው። መንገድሽን ነው የምቆርጠው ብላት ቤቴን አላጣውም አለችኝ።

በተቆረጠ ማግስት ጠዋት ከደፉ ወረደች። ሰባት ቆጥራ እጇን ዘረጋች። ምንም የለም። ስምንት፣ ዘጠኝ ሄደች። ቆመች። እኔ ከበሩ ላይ ነበርኩ፤ መጥራት ሲገባኝ ቆሜ አየኋት። እጇን እያዞረች አየሩን ፈለገችው። ከዚያ «አያ፣ የት ነው ያለሁት?» አለች። በገዛ ግቢዋ።

ዓርብ ዕለት ያልካትን አልሰማሁም። ፊትህን ግን አየሁ።

ናስር ገመዱን ባለፈው ሐሙስ አመጣው። ሩት ግድግዳውን የት እንብሳው ብላ መጣች። ለዚያ አይደለም አልኳት። አንዱን ጫፍ ከበሩ መቃን ላይ አሰርኩ፤ በማንጎው ጉቶ ላይ ችካል መትቼ በእሱ አዞርኩት፤ ከዚያ ወደ ሽንት ቤቱ፣ ከዚያ ወደ ሩት ሱቅ። ወጠርኩት። ሁለት ሜትር ተረፈ። ሩት ይህን ስታይ እንደ ልማዷ አልቀለደችም፤ ችካሉን ያዘችልኝ።

ዘነበች እጇን አሳረፈችበት። ልስላሴው ገርሟት «ይኼ እሱ የላከው ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ምን የሚሠራ እንደነበር አልጠየቀችኝም። እስከ ጉቶው ሄዳ ተመለሰች።

አትምጣ የምትለው እሷ ናት። እኔ ልጨምርበትም ልቀንስበትም አልችልም። ማወቅህንም አልነገርኳትም። ይህ በአንተ እጅ ነው።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። ከሁለቱ ስፒከሮች ቀኝኛው ከጥር ጀምሮ ተቃጥሏል፤ ድምፅህ ሲመጣ የነበረው ከግራ በኩል ብቻ ነው። ወደ ጎን ያየችው ለዚህ ነው። ትናንት ደህናውን ስፒከር ከካሜራው ሥር አምጥቼ በሽቦ አሰርኩት፤ ሩት ከሱቋ ሆና ደውላ ስትናገር ዘነበችን አስቀምጬ ሞከርኩት። ቀጥ ብላ ወደ ካሜራው ዞረች። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም መዝግቤአለሁ።

ዓርብ ዓርብ በስምንት ሰዓት ትቀመጣለች። ነጩን ሸሚዝ ልበስ።

አጎትህ አራጌ ሞላ